ቀን የሌለው የሠርግ ካርድ

እህቴ ሄራን በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከሮቶው ጀርባ ተደብቃ በስልክ «ይቅርታ መምህር፣ ለፈተናው አልደርስም፤ ያን ቀን ያመኛል» ስትል ስሰማ የጥርስ ሳሙናዬን ከነአረፋው ዋጥኩት። የለመደ ዋሾ «አሞኛል» ይላል። እሷ ከወር በኋላ ለሚመጣ በሽታ ከአሁኑ ይቅርታ ትጠይቃለች። ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል፣ ብሩሹን አፌ ውስጥ እንደሰካሁ ፊቷ ቆሜያለሁ።

«በቀጠሮ ነው እንዴ የምትታመሚው?»

«ትሁት፣ በናትሽ ዝም በይ።»

ስሜ ትሁት ነው። አባዬ ስሙን ያወጣልኝ ገና መናገር ሳልጀምር ስለሆነ አልፈርድበትም። «ካልነገርሽኝ ለእማዬ እነግራታለሁ» አልኳት። «ምኑን ነው የምትነግሪያት?» አለችኝ። «የማላውቀውን ሁሉ!» ስላት ተሸነፈች፤ ሄራንን ማሸነፍ ቀላል ነው። አላለቀሰችም። የሮቶውን ቧንቧ እየከፈተችና እየዘጋች ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄራን በመስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፤ እኔ ስምንተኛን ጨርሻለሁ፣ እንዴት እንደጨረስኩ አትጠይቁኝ። ባሕር ማዶ አንድ ኮሌጅ አለ። ፎቶውን አልጋዋ ራስጌ ለጥፋዋለች፤ ሐይቅ አለው። እኛ ሁለት ሐይቅ እያለን፣ ያውም ከነአዞው፣ የሰው ሐይቅ ምን ያደርግልሻል ብላት «እስቲ አንብቢው» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ አምኛት መለስኩላት። ይህ ኮሌጅ የተማሪን ወጪ ሙሉ በሙሉ የሚችለው በመጀመሪያው ዙር ላመለከቱት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ደግሞ ጥቅምት ሃያ ሁለት ይዘጋል። ለማመልከት አዲስ አበባ ሄዶ፣ የዓለም ተማሪ ሁሉ የሚፈተነውን አንድ ፈተና ተፈትኖ፣ ውጤት ማስያዝ ያስፈልጋል። ፈተናው እንደ ሰፈራችን ውኃ ነው፤ በፈለግሽው ቀን ሳይሆን በራሱ ቀን ነው የሚመጣው። ሄራን የተመዘገበችበት መስከረም ሃያ አራት ቅዳሜ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የሚመጣው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ በእጇ ያለው ያ አንድ ቅዳሜ ነው። ያ ቅዳሜ ደግሞ የወንድማችን የአለምሰገድ ሠርግ ነው፤ ሄራን የሙሽራዋ አንደኛ ሚዜ ናት።

ይህን ያደረገው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ እኔው ሄጄ እሰድበው ነበር። ያደረገው ግን አባዬ ነው፣ ያውም ለሄራን ብሎ። አባዬ ዞን ቢሮ ዕቅድ ክፍል ነው የሚሠራው። ቤታችን ውስጥ ያለ ዕቅድ የሚደረግ ነገር የለም፤ በግ እንኳ የሚታረደው ከሁለት ሳምንት በፊት ተነግሮት ነው። ሄራን በሰኔ ስትመዘገብ «ፈተናው ኦክቶበር አራት ነው» አለችው። አባዬ ቀጥ ብሎ ሳሎን ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው የቤተ ክርስቲያናችን ቀን መቁጠሪያ ሄደና ጥቅምት አራትን በቀይ እስክሪብቶ ከበበ። ለእሱ «ቴብል» ማለት ጠረጴዛ እንደሆነ ሁሉ «ኦክቶበር» ማለት ጥቅምት ነው። በሐምሌ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ምዕራብ ዓባያ፣ የሙሽራዋ ቤተሰቦች ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ ተነስቶ ቆመ። «ሴት ልጄ ጥቅምት አራት ትልቅ ፈተና አለባት። ሠርጉ በመስከረም ያልቅና ልጄ አሥር ቀን ሙሉ ተረጋግታ ታጥና» አለ። ሽማግሌዎቹ «አባት ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አመሰገኑት። ቤት መጥቶ ይህንን ለሦስት ቀን ደጋግሞ ተረከልን። ሠርጉን ከፈተናው ያራቀላት መስሎት ፈተናው አናት ላይ አስቀመጠው። ሄራን ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ አባዬ «ደስ አለሽ?» ሲላት «አመሰግናለሁ አባዬ» አለች።

ለምን አልነገረችውም እንዳትሉኝ። ሄራን ማለት አንድ ጊዜ ሻይ ላይ በስኳር ፋንታ ጨው ብጨምርባት፣ እንግዳ ፊት እንዳላፍር ብላ ብርጭቆውን እስከ ታች የጠጣች ሰው ናት። በዚያ ላይ በሰው ቤት የተቆረጠ የሠርግ ቀን ቃል ነው፤ የሙሽራዋ አባት ጋሽ አሞጽ ደግሞ ሲስቁ ታይተው አይታወቁም። «አባዬ በሰው ፊት ያፍራል» አለችኝ፣ ቧንቧውን ዘግታ። «ይቅር፤ የአገር ውስጡ ዩኒቨርሲቲም ጥሩ ነው።» ድምፅዋ ግን ያን የጨው ሻይ በጠጣች ጊዜ የነበራት ዓይነት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ለሷ ብቻ አላዘንኩም። እሷ ስትሄድ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የኔ ይሆናል ብዬ ከሰኔ ጀምሮ አቅጃለሁ። እኔም የአባዬ ልጅ ነኝ።

ቁርስ ላይ ሁሉም ሰው ስለ ከሰዓቱ ያወራል። ጋሽ አሞጽ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ለመጨረሻው ዝግጅት ሊመጡ ነው። እማዬ ከሌሊት ጀምራ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከጫሞ የመጣ ዓሣ በሁለት ሳህን ተዘርግቷል፣ የሚያቃጥል ዳጣ ተፈጭቷል፣ የሶፋው ዳንቴል ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ተመልሷል። አያታችን ኦይታ ትናንት ከካምባ ደርሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ልብሳቸው እንዳይረጥብ ተጠንቅቀው ተቀምጠዋል። አባባ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል፤ እኔን ከተወለድኩ ጀምሮ «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ ለነገሩ ብዙ ሰው አልተሳሳቱም ይላል። የበቆሎ ኩርኩፋቸውን በሃለኮ ቅጠል እየበሉ፣ ዘንድሮ ሁለት መንደር በግጦሽ ተጣልቶ እንዴት እንዳስታረቁ ይነግሩናል። «ዱላ ይዞ መጣ፣ ብዙ ሰው። እኛ እርጥብ ሣር ያዝን፣ መንገድ ላይ ተንበረከክን። ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው ሳይመልሱለት አይታለፍም። ቆሙ።» «ካለፉትስ አባባ?» አልኳቸው። የሰማይና የምድር ቦታ ይቀያየር እንደሆነ የጠየቅኳቸው ይመስል አዩኝ። «አይታለፍም» አሉ ብቻ። ሄራን ሻይ እየቀዳች ነበር። አባዬ ወደ ቀን መቁጠሪያው እያየ «ጥቅምት አራት!» ብሎ ጠቀሳት። ፈገግ አለችለት። ዳቦዬን ትቼ ተነሳሁ።

ያን ጊዜ አለምሰገድ ጠራኝ። የሠርጉ ካርድ ታች ከተማ፣ ሲቀላ ያለ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ ሰውየው አንድ ናሙና አትሞ ሽማግሌዎቹ አይተው ካጸደቁት በኋላ ሌላውን ሊያትም ነው። ወንድሜ ሄዶ ማምጣት ነበረበት፤ ግን ከሙሽራዋ ከባርኮት ጋር በስልክ «አንቺ ዝጊ፣ አንቺ ዝጊ» ላይ ነው፣ ከጀመሩ አርባ ደቂቃ ሆኗቸዋል። በአገጩ ወደ በሩ አመለከተኝና የታክሲ ብር ሰጠኝ። ለምስጋና ያህል አንድ ሙዝ ከጠረጴዛው አንስቼ ወጣሁ።

ከሰፈራችን ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚኒባስ ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል፣ ላብ ይጀምራል። ረዳቱ አምስተኛ ሰው ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሊያስገባ ሲል «እኔ ቀጭን ብሆንም ወረቀት አይደለሁም» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አስገባው። በመስኮቱ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፣ ቀዩ ዓባያና ሰማያዊው ጫሞ፣ መሀላቸው ጫካው። የሄራን ኮሌጅ ሐይቅ ከነዚህ ጋር ቢወዳደር ኩሬ ነው። ግን ኩሬም ቢሆን የፈለገችው እሱን ነው። ስትፈልግ አይቻታለሁ እኮ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ስታጠና፣ በእንቅልፍ ልቧ ሒሳብ ስትሠራ፣ ጠዋት የደወለችለትን የመምህር ደግነትን ያረጀ መጽሐፍ ቅጠሉ እንዳይረግፍ በፕላስተር ስትጠግን። ሄራን ከልጅነቷ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ምንም ነገር አምጡልኝ ብላ አታውቅም፤ ጫማ እንኳ የሚገዛላት ጣቷ ሲወጣ ነው። አሁን በሕይወቷ አንድ ነገር ፈለገች፣ እሱንም አባዬ ከነፍቅሩ ተቀመጠበት።

ማተሚያ ቤቱ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሞባይል ካርድና የልደት ፊኛ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሸጥበት ነው። ሰውየው፣ ኤፍሬም ይባላል፣ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረልኝ። ወርቃማ አበባ፣ ሁለት ቀለበት፣ አንዲት ርግብ፣ «ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን»። ሁሉም አለ። «ይህንን ለናሙናው ላትም?» አለኝ። ያኔ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር። አፌ ቀደመኝ።

«ቀኑን አጥፋው። ባዶ ይሁን።»

«ቀን የሌለው የሠርግ ካርድ? ሰው መቼ ይምጣ?»

«የሚወደን ደውሎ ይጠይቃል።»

«ሙሽራው ያውቃል?»

«ሙሽራው ፍቅር ይዞታል፤ ምኑን ያውቃል?»

ኤፍሬም ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የለሁበትም» አለና አጠፋው። ካርዱ ሲወጣ ትኩስ ነበር፤ ርግቧ ባዶ ቦታው ላይ ክንፏን ዘርግታ ጥሩ ሆነች። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። ፍርሃቱ የመጣብኝ ሴቻ ስወርድ ነው። ካርዱ ሲታይ ይጮህብኛል፤ ይቅር፣ ጩኸት ለምጃለሁ። ከጩኸቱ በኋላስ? አባዬ በእስክሪብቶ መስከረም ሃያ አራት ብሎ ይሞላዋል፣ አለቀ። ሽማግሌ ፊት የእኔን ቃል የሚሰማ የለም፤ ከእጅ ማስታጠቢያው ጆግ ጋር ነው የምቆጠረው። ይህንን እያሰብኩ የጎረቤታችንን አጥር ስዞር፣ ላማቸው እርጥብ ሣር ተከምሮላት ታኝካለች። ሣሩ ጤዛው አልደረቀም። እሷ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። «ላንቺ ሌላ ያመጡልሻል» ብዬ አንድ እቅፍ ወሰድኩና ሮጥኩ። ላሟ እየጮኸች እስከ በራችን ተከተለችኝ።

እንግዶቹ ከቀትር በኋላ መጡ። ጋሽ አሞጽ ሰፊ ሰው ናቸው፤ ምዕራብ ዓባያ የሙዝ ማሳ አላቸው፣ ትልቅ ዘለላ ሙዝ በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ገቡና ሳሎኑ መሀል አስቀመጡት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከትለው ተቀመጡ። አባዬ ስለ መንገዱ ጠየቀ፤ «ደህና ነው» አሉት። ስለ ዝናቡ ጠየቀ፤ «ደህና ነው» አሉት። ስለ ሙዝ ዋጋ ሲጠይቅ ጋሽ አሞጽ «እዚህ ስንት ይሸጣል?» አሉ። «ኪሎው አርባ አምስት።» «ከኛ የሚወስዱት ግን በግማሹ ነው» አሉ። እኔ እያስታጠብኩ ዞርኩ። አባባ ኦይታ ጸለዩ፣ በጋሞኛ ስለሆነ ረጅም ነበር፤ መሀል ላይ ዓይኔን ገለጥ ባደርግ ሄራንም ገልጣ ቀን መቁጠሪያውን ታያለች። ዓሣው ተበላ። ዳጣው የጋሽ አሞጽን ግንባር አላበው፤ ግን ክብራቸውን ጠብቀው ውኃ አልጠየቁም። ውጪ ላሟ ትጮኻለች። «የማን ናት?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «የጎረቤት ናት፤ ጠባይዋ ነው» አልኩ።

ከምግብ በኋላ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትሁት፣ ካርዱን አምጪ።» አመጣሁ። መነጽሩን አደረገና ተነስቶ ቆመ፤ አባዬ ወረቀት ተቀምጦ አያነብም። «በእግዚአብሔር ፈቃድ ልጃችን አለምሰገድ ዓለሙና ልጃችን ባርኮት አሞጽ የጋብቻ ሥነ ሥርዓታቸውን ቅዳሜ...» አለና ቆመ። ካርዱን አራቀው፣ አቀረበው፣ ገለበጠው። «ቅዳሜ... ቀኑ የት አለ?» አለምሰገድ ከወንበሩ ተፈናጠረ። «ትሁት!» አለ። በቤታችን አንድ ነገር ሲጎድል ማንም ሳይመረምር ስሜ ነው የሚጠራው፤ ዘጠና በመቶ ልክ ናቸው።

በረንዳ ላይ ከመታጠቢያው ሳፋ ስር ሣሩን ደብቄ ነበር። ወጣሁ፣ አነሳሁት፣ ገባሁ፣ ጋሽ አሞጽ እግር ስር ዘለላ ሙዙ አጠገብ ተንበረከክኩ። ሣሩን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። እማዬ ከወጥ ቤት በር ላይ «ጌታ ሆይ» አለች። ጋሽ አሞጽ እግራቸውን ወደኋላ ሰበሰቡ። ጉልበቴ ስር የወደቀ የዓሣ እሾህ እየወጋኝ ነው።

«አንተ ልጅ» አሉ አባባ ኦይታ በመጨረሻ። «ይሄ ሣር የሽማግሌ ነው። አንተ ሽማግሌ ሆንክ?»

«አልሆንኩም አባባ።»

«ደም አለ?»

«የለም።»

«ጠብ አለ?»

«ለጊዜው የለም። እምቢ ካላችሁኝ ግን አነሳለሁ።»

አንዱ ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ በኋላ ነው እየሳቁ እንደነበር ያወቅኩት። አባባ አልሳቁም። እጃቸውን ዘርግተው አንድ ዘለላ ሣር ከእጄ መዘዙ፣ በጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት። «እርጥብ ነው» አሉ ለጋሽ አሞጽ። «የያዘው ልጅ ባለጌ ነው። ሣሩ ግን እርጥብ ነው። ሳይመልሱለት አይታለፍም።» ጋሽ አሞጽ በቀስታ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ትናገር» አሉ። ተናገርኩ። ኦክቶበር አራት ጥቅምት አራት እንዳልሆነ፣ መስከረም ሃያ አራት እንደሆነ፣ ሠርጉ ፈተናው ላይ እንደተቀመጠ፣ ቀጣዩ ፈተና ሲመጣ የኮሌጁ በር እንደተዘጋ ሁሉንም አፈሰስኩት። አባዬን ላለማየት እጁ ላይ ባለው ካርድ ርግቧን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«የማን ጉዳይ ነው?» አሉ አባባ ስጨርስ።

«የሄራን።»

«ሄራን አፍ የለውም?»

ሄራን የሻይ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉም ዞረው አዩዋት። ትሪውን የምታስቀምጥበት ቦታ ፈልጋ አጣች፤ ይዛው ቀረች። «ምንም አይደለም፣ ይቅር» ልትል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከንፈሯ ላይ አየሁት። ሣሩን እንደያዝኩ «የጨው ሻይ!» አልኳት ቀስ ብዬ። ከሷ በስተቀር ማንም አልገባውም። ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ እየተንኳኩ፣ ሄራን አባዬን ቀጥ ብላ አየችው።

«መፈተን እፈልጋለሁ» አለች። «አባዬ፣ በጣም እፈልጋለሁ።»

አባዬ ካርዱን አስቀመጠ። ወደ ግድግዳው ሄደ። ቀን መቁጠሪያውን ከሚስማሩ አወረደና ወደ መስኮቱ አስጠጋው። እያንዳንዱ ቀን ጥግ ላይ የፈረንጁ ቀን በትንሽ ቁጥር ተጽፏል፤ ስንት ዓመት ተሰቅሎ ማንም አንብቦት አያውቅም። መስከረምን ገለጠ። በጣቱ ወረደ፣ ሃያ አራት ላይ ቆመ። ትንሿን አራት አያት። ጀርባውን ሰጥቶን ስለቆመ ፊቱ አልታየኝም፤ አንገቱ ግን ታየኝ፣ የሸሚዙ ኮሌታ እንደ ቅድሙ ቀጥ አላለም። «እኔ እኮ ለሷ ብዬ ነው» አለ ለመስኮቱ። የዕቅድ ባለሙያ ነው፤ በሽማግሌ ፊት፣ በአማቾቹ ፊት። ሄራን ሁለት ወር ዝም ያለችው ይህች ደቂቃ እንዳትመጣ ብላ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሣሩን ለላሟ መልሼ፣ እሾሄን ነቅዬ ከቤት ብጠፋ ደስ ይለኝ ነበር።

የተናገሩት ጋሽ አሞጽ ናቸው። «ዓለሙ፣ ተቀመጥ» አሉ። አባዬ አልተቀመጠም። «እኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ ከውጭ አገር እንግዶች ሊመጡ ነበር። ኦክቶበር ስምንት አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበሉን አሉ። እኔ የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ። ጥቅምት ስምንት አንድ ሙሉ አይሱዙ ሙዝ ጭኜ፣ መዘምራኑን ከነከበሮው ይዤ ሄድኩ። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር እንዘምራለን። ሰው ይወርዳል፣ የኛ እንግዳ አይደለም። እንደገና እንዘምራለን። እስከ ማታ ዘመርን።» ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «እንግዶቹ ከአሥር ቀን በፊት መጥተው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ተርበው፣ ተመልሰዋል። ሙዙን ለጥበቃዎቹ ሰጠን። ሚስቴ እስከ ዛሬ ቤት አምሽቼ ስገባ በመዝሙር ነው የምትቀበለኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው አባዬ ነው። እንደ ሳል ነበር የጀመረው። ከዚያ ጋቢ ውስጥ የተደበቁት ሽማግሌ፣ ከዚያ እማዬ በወጥ ቤት፣ ከዚያ ሁሉም። ጋሽ አሞጽም ሳቁ፤ ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ የሶፋው ዳንቴል ወረደ። አባባ ኦይታ አማርኛው ስለፈጠነባቸው ሳይገባቸው ዓይናቸውን እያበሱ ይስቃሉ። ሄራን ትሪውን አሁንም እንደያዘች እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ ሄደሽ ተቀበያት የሚል ሰው ስለጠፋ እኔው ተነስቼ ተቀበልኳት። አለምሰገድ ለባርኮት ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገሩን አስረዳት። ባርኮት ከዚያኛው ጫፍ «እና ያለ ሚዜዬ ልትድሩኝ ነበር?» አለች። «ሄራን ከሌለች ወንድሟን ምን ላደርገው?» ሽማግሌዎቹ እንዳልሰሙ ሆነው ጣሪያ አዩ። ሠርጉ በአንድ ሳምንት ወደፊት ተገፋ፤ አባዬ ለፓስተሩ ደውሎ አዳራሹ ቅዳሜ ጥቅምት አንድ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ። ሁለት ጊዜ ነው ያረጋገጠው።

ከዚያ ሻይ ተጠጣ። ሄራን አንድ ጊዜ ፉት አለችና ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ትሁት፣ ስኳር አንሶታል» አለች፣ እንግዳ ፊት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ስኳሩን ላመጣላት ስሮጥ ሙዙ ላይ ልወድቅ ነበር። መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ እንጂ እንደ ጠዋቱ አላስደሰተኝም። ይሁን፣ ገና ዓመት አለው። አባዬ ቀን መቁጠሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የጥቅምት አራትን ክብ በጥንቃቄ ሰርዞ፣ መስከረም ሃያ አራትን ከበበ። «ፈተናው በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አላት። ሄራን ስልኳን አየች። «ስምንት ሰዓት ይላል፣ አባዬ።» አባዬ «ስምንት» ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አስጠጋ፤ ከዚያ አነሳው። ከመነጽሩ በላይ እያየ፣ እንደ ፖሊስ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ ጠየቃት።

«በእነሱ ነው፣ በእኛ?»

«በእነሱ። በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብሎ ጻፈ፤ ሥሩንም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

እንግዶቹን ልንሸኝ ስንወጣ ላሟ አሁንም በሩ ላይ ናት። ሣሩን ፊቷ አስቀመጥኩላት። አባባ ኦይታ ከበሩ ላይ ሆነው «ከላም አፍ ነው የወሰድከው?» አሉኝ። «ፈቅዳልኝ ነው አባባ» አልኳቸው። ላሟ ሳታኝክ ዋጠችው። ጋሽ አሞጽ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ መንገዱ ጫፍ ከደረሱ በኋላ ቆሙና አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ዓለሙ!» ብለው ጮኹ። «ጥቅምት አንድ ያልነው በእነሱ ነው፣ በእኛ?»

አባዬ በነጠላ ጫማው አስፋልቱ ድረስ ሮጠ። «በእኛ!» ብሎ ጮኸ፣ እጆቹን ከፍ አድርጎ እያውለበለበ፣ መኪናው ከታጠፈም በኋላ። «በእኛ ነው! በእኛ!»